መዳፉን ሳይቀር

ባለቤቴ አምላኩ፣ ዘነበወርቅ ሰፈር ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ጫማ ሠርቷል። ደንበኞቹ በሥጋ ደዌ እግራቸው የደነዘዘ ሰዎች ነበሩ። ምስማር ቢወጋቸው አይሰማቸውም። ስለዚህ ከመለካቱ በፊት እግራቸውን ጭኑ ላይ አኑሮ በእጁ ጀርባ ይዳስሳል፤ የጋለ ቦታ ካገኘ ከውስጥ ቁስል እየመጣ ነው ማለት ነው። ጓንት አድርጎ አያውቅም። በጓንት ሙቀት አይለይም።

በሞተ በሦስተኛው ዓመት የጎረቤቴ ልጅ ኤልያብ መጣ። ከውጭ ለሚመጡ ፊልም ሠሪዎች አስተርጓሚም ጉዳይ አስፈጻሚም ነው።

«እትዬ ፅጌ፣ የጋሽ አምላኩን ታሪክ ሊሠሩት ነው። በገዛ ስማቸው! ዓለም ሊያያቸው ነው እኮ!»

የሥራ ሽርጡን እንዳውሳቸው ጠየቀኝ። የሸራ ሽርጥ ነው። ከሞተ ወዲህ አላጠብኩትም፤ የቆዳና የማስቲሽ ሽታው እንዳለ ነበር። ለምን እንደሰጠሁት ዛሬም በደንብ አላውቅም። ስሙ ሲጠራ መስማት ፈልጌ ይሆናል። በስሙ እንዲጠቀሙ የምፈቅድበትን ወረቀት ግን ቀረጻውን ካየሁ በኋላ እፈርማለሁ አልኩ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የያዝኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ ያላዩት ነገር ላይ አለመፈረም ነው።

ቀረጻው ዓለም ባንክ ከሚባለው ሰፈር ጀርባ ባለ መጋዘን ውስጥ ነበር። የአምላኩን መሥሪያ ቦታ አስመስለናል አሉ። አምላኩ ወለሉን በቀን ሁለቴ ይወለውል ነበር፤ እነሱ ግድግዳውን ጥቀርሻ የሚቀባ ሰው ቀጥረዋል።

ጥግ ላይ አንድ ወጣት የሻይ ትሪ ይዞ ተቀምጧል። ይመር እባላለሁ አለኝ፤ ቴአትር ተምሮ የተመረቀ ተዋናይ ነው።

«አምላኩን የምትሠራው አንተ ነህ?»

«ኧረ እኔ ሻይ አምጪው ነኝ፣ እትዬ።»

«ምን ትናገራለህ ታዲያ?»

«ሁለት ቦታ አለኝ። መጀመሪያ ‹እሺ ጌታዬ› እላለሁ። ቀጥሎ ደግሞ... ‹እሺ ጌታዬ› እላለሁ።»

ይህን ሲነግረኝ አንድ ረጅም ሰው የአምላኩን ሽርጥ አጥልቆ ገባ። ፊቱ አዲስ ቫርኒሽ እንደ ተቀባ ቁም ሳጥን ያብለጨልጫል። ፀጉሩ ላይ ጥቁር ከርዳዳ ነገር ደፍተውለታል።

«ይሄ ማነው?» አልኩት ኤልያብን።

«ጋሽ አምላኩ ናቸው... ማለቴ እሳቸውን የሚሠራው።»

«ፈረንጅ ነው እኮ!»

«ነው፤ ግን ቅቡን ይዩት እስቲ። ሁለት ሰዓት ተኩል ነው የፈጀው።»

«አምላኩን ለመሆን ሁለት ሰዓት ተኩል በቃው?»

«እትዬ፣ ምን ላድርግ? ብር የሚያወጡት ሰዎች ‹የሚታወቅ ፊት ካልሆነ አይሸጥም› አሉ።»

«ታዲያ የሚታወቀውን ፊት ለምን ሸፈኑት?»

ኤልያብ ስልኩን ማየት ጀመረ።

እማማ ዋጋነሽ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ጫማቸውን የሠራላቸው አምላኩ ነው፤ ራሳቸውን ሆነው እንዲሠሩ ጠርተዋቸዋል። ዳይሬክተሩ ጀምሩ አለ። ሰውየው ተንበረከከ፣ እግራቸውን ጭኑ ላይ አደረገና ድመት እንደሚደባብስ ሰው ያሻሸው ጀመር። በመዳፉ ነው። የእጅ ጀርባውን ነገር ማንም አልነገረውም፤ ወይም የጠየቀ የለም።

እማማ ዋጋነሽ እግራቸውን ትተው እጁን ያዙ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘረጉና ከራሳቸው እጅ አጠገብ አስቀመጡት። የእሳቸው ጣቶች በበሽታው አጥረዋል፤ መዳፋቸው ግን እንደ ማንኛችንም ነጣ ያለ ነው።

«ፅጌ! ነይ እዪልኝ ጉድ! መዳፉን ሳይቀር ቀብተውታል!»

መብራት የያዙት ልጆች ሳቁ። ይመር በትሪው አፉን ከለለ።

«አይ ልጄ» አሉት እማማ፣ «ከዚህ ሁሉ ጥቁር አንዱን እንኳ እጅህን ዘርጋ የሚል ጠፋ? ሲያጥቡህ ምን ልትቀር ነው?»

ዳይሬክተሩ ምን አሉ ብሎ ጠየቀ። ኤልያብ «በጣም ደስ ብሏቸዋል» ብሎ ተረጎመ።

«ደስ አላላቸውም» አልኩ በፈረንጆቹ ቋንቋ፤ ያሉትንም ቃል በቃል ነገርኩት።

ዳይሬክተሩ የተዋናዩን መዳፍ አየ። ቀጥሎ የእማማን እግር አየ፤ ተረከዛቸው ላይ ቡናማ የጣት አሻራ ቀርቷል። ትንሽ አሰበና መፍትሔውን አገኘ።

«ጓንት አምጡለት» አለ። «መዳፉም አይታይ፣ ቀለሙም አይነካካ።»

ነጭ ጓንት አመጡ። ሰውየው አንዱን አጠለቀ። እማማ ዋጋነሽ እግራቸውን ከጭኑ አነሡ። ሳቃቸው ጠፍቶ ነበር። በጓንት የሚነካቸው ሰው በዕድሜያቸው ብዙ አይተዋል።

«ወረቀቱን አምጣ» አልኩት ኤልያብን።

ደስ ብሎት ብዕር ጨምሮ ሰጠኝ። ወረቀቱን ለአራት አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ ብዕሩን መለስኩለት።

«ሽርጡን ያውልቅልኝ።»

«እትዬ ፅጌ፣ ኧረ በማርያም! የጋሽ አምላኩ ስም ሊቀር ነው እኮ። ሌላ ስም ሰጥተው ይሠሩታል።»

«ይስጡት። ይህ ሰውዬም ሌላ ሰው ነው።»

እማማ ዋጋነሽ ጫማቸውን አድርገው ተነሡ፤ አምላኩ ከሠራላቸው የመጨረሻውን። የወጣነው አብረን ነው። ይመር ትሪውን እንደያዘ በሩን ከፈተልንና «እሺ ጌታዬ» አለ፣ ለማን እንደሆነ ሳይናገር። እማማ ፌርማታው ድረስ ሳቁ።

ቤት ገብቼ ሽርጡን ዘረጋሁት። አንገት ላይ የሚውለው ማንጠልጠያ ቡናማ ሆኗል፤ ጣፋጭ የቅባት ሽታ ይሸታል። ባጥበው ይለቅ ይሆናል፤ ግን የአምላኩም ሽታ አብሮ ነው የሚለቀው። የአምላኩን የቆዳ መቀስ አውጥቼ ማንጠልጠያውን ከሥሩ ቆረጥኩና ጣልኩት። የቀረውን አጣጠፍኩ። ቁም ሳጥን ውስጥ ከማስገባቴ በፊት አንዴ አፍንጫዬን አስጠጋሁ።

ማስቲሹ አለ።