እስከ ነገ ጠዋት አቆየው

ሕሩይ የሥጋ ማቀዝቀዣ ክፍሉን በር ሲከፍተው የወጣው ሽታ እሱንም አብሮት ማቀዝቀዣ የሚጠግነውን ዘነበንም ወደ ኋላ መለሳቸው። የእትዬ ሥርጉት ምግብ ቤት ሠራተኞች የዐቢይ ጾም ዋዜማ ዕለት ክፍሉን አጥበው፣ መብራቱን አጥፍተው፣ አይጥ እንዳይገባ ብለው በሩን ግጥም አድርገው ዘግተውት ነበር። እርጥቡን የወለል ጨርቅ ግን ውስጥ ረስተውታል። ጾሙ ሊፈታ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ግድግዳው አረንጓዴ ሻጋታ ለብሶ፣ የበሩ ጎማ ጠቁሮ ተገኘ። ላምበረት አካባቢ ያለው ሥጋ ቤት ሁሉ ከዓመት ዓመት ይኸው ነው። ዘነበ በየዓመቱ በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ተዉት ይላል፤ እነሱም እሺ ይላሉ፤ ከዚያ ግጥም አድርገው ይዘጉታል።

"ፋሲካ የሚፈሰከው በዚህ ነው?" አለ ሕሩይ አፍንጫውን በክንዱ ሸፍኖ።

"ዐምናም ፈስከውበታል" አለ ዘነበ።

ሥራውን ተከፋፈሉ። ሕሩይ በረኪናና ቡሩሽ ይዞ ወደ ውስጥ ገባ፤ ውኃ እንዳይነካበትም ስልኩን ለዘነበ ሰጠው። ዘነበ ጓሮ ወጥቶ የኮምፕረሰሩን ሽፋን በካቻቢቴ ፈታ። በእንጦጦ ባሕር ዛፎች ላይ ጭጋጉ ገና አልተነሣም። የጓሮው አቧራና የዶሮ ላባ ሙቀት ማስወጫውን ደፍኖታል። በደረቅ ቡሩሽ መጥረግ እንደጀመረ የራሱ ስልክ ጠራ። ቁጥሩን አያውቀውም።

የደወለው ደብረ ብርሃን የሚኖረው የሕሩይ ታላቅ ወንድም ወልደ ሐዋርያት ነበር። መጀመሪያ የጠየቀው ሕሩይ አጠገቡ መኖር አለመኖሩን ነው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እናታቸው ወይዘሮ ወርቅአየሁ ጎህ ሲቀድ ማረፋቸውን፣ ቀብሩም ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን ነገረው።

"ለሱ እንዳትነግረው" አለ። "የአባታችንን ሞት በስልክ የሰማ ቀን አስፋልት ላይ ወድቆ መኪና ለጥቂት ነው የሳተው። ግፊት እንዳለበት ታውቃለህ። ነገ በማለዳ የሠፈሩ ዕድርተኞች ቤቱ ሄደው ያረዱታል። እስከ ነገ ጠዋት አቆየው። ስልኩንም አጥፋበት፣ ወንድሜ።"

"ቀብሩስ?" አለ ዘነበ።

"ለሠልስቱ ይደርሳል።"

ዘነበ እግዜር ያጥናችሁ ብሎ ዘጋ። ከኪሱ የሕሩይን ስልክ አውጥቶ አጠፋው። ከዚያ ቡሩሹን አንሥቶ ካቆመበት ቀጠለ። ወይዘሮ ወርቅአየሁን ያውቃቸዋል፤ አንድ ሰሞን ልጃቸው ቤት ከርመው በስሙ ሳይሆን "ልጄ" እያሉ ይጠሩት ነበር። ሊያዝን ሞከረ። ምንም አልመጣለትም፤ ጆሮው ውኃ እንደገባበት ሰው ሁሉን ነገር ከሩቅ ነበር የሚሰማው።

እንዲህ የሆነው ሚስቱ ሀሴት ከሞተች ወዲህ ነው። ያን ጊዜ ድሬዳዋ አንድ ሆቴል በረዶ መሥሪያ ሊተክል ሄዶ ነበር። ሀሴት ትንሽ አሟታል፣ ሥራህን ጨርሰህ ና አሉት። ጨርሶ መጣ። ደጁ ላይ ድንኳን ተተክሎ አገኘ፤ ቀብሯ አልፏል። መንገድ ላይ አንድ ነገር እንዳይሆን ለሱ አስበው ነው፤ ሁሉም እንዲሁ አለው፣ እሱም አመሰገናቸው። ግን አፈሩን አላየም፣ ከቀባሪ ጋር አልቆመም፣ ያለቀሰውም ሰው ስለሚያየው ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት ከድንኳኑ አፍ አያልፍም፤ ቀብርማ አንድም ቀን ሄዶ አያውቅም።

እትዬ ሥርጉት ነጠላቸውን እያጣፉ ወደ ጓሮ ወጡ። ለፋሲካ ሁለት ሰንጋ ለመግዛት ተስማምተዋል፤ ክፍሉ እስከ ስቅለት ዓርብ ካልቀዘቀዘ ሥጋውን የት ላደርገው ነው ብለው ሌሊቱን እንቅልፍ እንዳልወሰዳቸው አወሩ። የበሩ ጎማ መላላቱን፣ የውኃ ማውረጃው መደፈኑን አንድ በአንድ ነገሩት፤ ለቀባሪ አረዱት ይሉት ይህ ነው። ዘነበ ሰምቷቸው ሲያበቃ የሕሩይን እናት ነገር ነገራቸው። ለምን እንደነገራቸው እሱም አያውቅም።

እትዬ ሥርጉት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

"ነፍስ ይማር" አሉ። ቀጥለውም "ግን እንዳትነግረው፤ ወንድምየው ልክ ነው" አሉ። "መርዶ የሚያጽናና ሰው በሌለበት አይነገርም። የሰው ልጅ ነው፣ እዚህ አንድ ነገር ቢሆንብህ ምን ትላለህ?"

ልክ ናቸው። ወደ ውስጥ ገባ።

ሕሩይ መሰላል ላይ ቆሞ የማራገቢያውን ክንፎች በጨርቅ እየወለወለ ነበር። ግማሹ ግድግዳ ነጥቷል። ሥራ ሲቀናው ወሬ ይወዳል፤ ለፋሲካ ለእናቱ ስለሚወስድላቸው ትንሽ ፍሪጅ ያወራ ጀመር። አሮጌ ነበረች፣ ሞተሩን ቀይሮ ጋዝ ሞልቶላታል።

"እማዬ አልፈልግም ትላለች" አለ። "የቀዘቀዘ ውኃ ጥርሴን ያመኛል ትላለች። አንድ ጥርስ ነው እኮ ያላት፣ ዘነበ።"

ዘነበ መሳቅ እንዳለበት ስላወቀ ሳቀ።

"ስልኬን እስኪ አቀብለኝ። ዛሬ ሳልደውልላት ቀረሁ።"

"ባትሪው ዘግቷል።"

"ጠዋት ሞልቼው ነበር እኮ።" ሕሩይ ግራ ገባውና መልሶ ተወው። "በቃ ማታ እደውላለሁ።"

ዘነበ ባልዲውን አንሥቶ ቆሻሻውን ውኃ ሊደፋ ወጣ። ደፋው። ባዶውን ባልዲ ይዞ ጓሮው ውስጥ ቆመ። አምስት ሰዓት ሊሆን ነው። ከላምበረት የሚነሣ ሚኒባስ ዘጠኝ ሳይሞላ ደብረ ብርሃን ያደርሳል፤ ስድስት ሰዓት ካለፈ ግን አለቀ። ነገ በማለዳ ዕድርተኞቹ ሲመጡ ሕሩይ ያለቅሳል፣ ይይዙታል፣ ሁሉም ለሱ አስበው እንደሆነ ይነግሩታል። እሱም ያመሰግናቸዋል። ዘነበ ፈራ። የፈራው የሕሩይን መውደቅ ብቻ አልነበረም፤ ሕሩይ እንደሱ እንዳይሆን ፈራ።

ተመለሰ።

"ውረድ" አለው።

"ይህችን ክንፍ ልጨርስ።"

"ውረድ እኮ ነው የምልህ።"

ሕሩይ ወረደ። ዘነበ የቢራ ሳጥን ገልብጦ አስቀመጠውና ራሱ ፊት ለፊቱ ቁጢጥ አለ፤ ቢወድቅ ለመያዝ እንዲመቸው ነው።

"ወንድምህ ደውሎ ነበር።"

የሕሩይ ፊት ተለወጠ። "እማዬን አሟታል?"

አዎ ትንሽ የሚለው መልስ ምላሱ ላይ ነበር፤ ለሱም ድሬዳዋ ሳለ ያሉት ይህንኑ ነው። ዋጠው።

"አርፈዋል" አለ። "ዛሬ ጎህ ሲቀድ። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አሁን ከተነሣህ ትደርሳለህ።"

ሕሩይ አልወደቀም። አልጮኸምም። የጎማ ጓንቱን ለማውለቅ ጣቶቹን እየጎተተ ብዙ ቆየ።

"ስልኬን ያጠፋኸው አንተ ነህ?"

"አዎ።"

"እናቴ ሞታ እኔ ስለ ጥርሷ እየሳቅሁ..." አለና አፉን በእጁ ያዘ። ከዚያ በረጅሙ አለቀሰ፤ ባዶው ክፍል ድምፁን መልሶ መላልሶ አስተጋባው። ዘነበ ትከሻውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞ ጠበቀ።

እትዬ ሥርጉት በሩ ላይ መጥተው አዩ። ዘነበን ተቆጥተው አፈጠጡበት፣ ግን አንድም ቃል አልተናገሩም። ነጠላቸውን አውልቀው የሕሩይ ትከሻ ላይ ጣሉለት፣ የሚጠጣ ውኃም አስመጡለት። ዘነበ ሕሩይን አሳፍሬ እመለሳለሁ፣ ክፍሉም እስከ ዓርብ ይደርሳል አላቸው። እንዲህ ሲል እውነቱን ነበር፤ የኮምፕረሰሩን ሽፋን እንኳ እንደተፈታ ትቶት ወጣ።

ላምበረት መናኸሪያ በተሸካሚና በጆንያ ተጨናንቋል። ዘነበ የሕሩይን ክንድ ይዞ በሰው መሐል መራው። ሕሩይ የሚረግጠውን አያይም፤ ሰው ሲገፋው ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነው። የደብረ ብርሃኑ ሚኒባስ ሞልቶ የኋለኛው ወንበር ብቻ ቀርቶታል። ዘነበ አስገብቶ በመስኮቱ በኩል አስቀመጠው፣ ስልኩንም ከፍቶ እጁ ላይ አኖረለት። በልቡ ከሦስት ሰዓት መንገድ በኋላ ስላለው ጉድጓድና ስለሚጠብቁት ሰዎች አሰበ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሐዘን ሲሰማው ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ ደስ አይልም።

ሊወርድ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ እንዳሳረፈ ረዳቱ በሩን ይዞ ጠየቀው።

"አንድ ሰው ነው?"

ዘነበ ወደ ኋላ ዞሮ ሕሩይን አየው። የሴት ነጠላ ለብሶ፣ ስልኩን እንደያዘ፣ ለማን እንደሚደውል ጠፍቶት ተቀምጧል።

"ሁለት ነን" አለና ተመልሶ ገባ።