ለመንደር ዘጠኝ የሚቆመው ሰሌዳ

እኔ ስርጉት ነገር ከሥሩ ካልገባኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። ቢሮ ውስጥ «ነገር ፈላጊ» ይሉኛል፤ ይበሉኝ፣ ሥራዬ ነው። በአሶሳ ዙሪያ ላሉ መንደሮች የታሪክ ሰሌዳ ይቁም ሲባል ጽሑፉን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ከሁሉ ያስቸገረኝ ደግሞ የተወለድኩበት መንደር ዘጠኝ ሆነ።

የመንደሩ ሽማግሌዎች ኮሚቴ የሰጠኝ ቃል አጭር ነው። «መንደር ዘጠኝ በ1977 ዓ.ም. ከወሎ በመጡ ሰፋሪዎች፣ ማንም ባልነበረበት ጫካ ላይ ተመሠረተ። መሥራች አቶ አባይ ይመር።» አቶ አባይ አባቴ ነው። ፊደል አልቆጠረም፤ ግን ስሙ እብነ በረድ ላይ ሊወጣ መሆኑን ከሰማ ወዲህ ጢሙን ሳይላጭ ከቤት አይወጣም።

የመንደራችን ሰው ስለዚያ ዓመት ሲያወራ ሁሌ የሚስቅበት አንድ ነገር አለ። ረሃብ ያመጣቸው የደጋ ሰዎች ናቸው፤ ማንጎ አያውቁም። ሜዳው መሐል አራት ዛፎች ጥሬ ፍሬ ተሸክመው ቢያዩ እንደ ድንች ልጠው፣ በጨው ቀቅለው በሉት። መንደሩ በሙሉ ሆዱን ይዞ ዋለ። በሦስተኛው ቀን አንዲት የአገሬው የበርታ ልጅ መጣችና በሳቅ ፍርፍር ብላ፣ የበሰለውን አውርዳ እንዴት እንደሚመጠጥ አሳየቻቸው።

ይህን ጨዋታ መቶ ጊዜ ሰምቼ መቶ ጊዜ ስቄያለሁ። ባለፈው ሰኞ ረቂቁን ይዤ ከዛፎቹ ሥር ስቆም ግን ሳቄ ጠፋ። አራቱም ማንጎዎች በአንድ መስመር፣ እኩል ተራርቀው ነው የቆሙት። ጫካ ከመቼ ወዲህ ነው በገመድ ለክቶ የሚተክለው? ልጅቷስ ማንም ከሌለበት ከየት መጣች? ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ብዬ አባቴን ጠየቅኩት።

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ዛፍ ዛፍ ነው» አለና ጓዳ ገባ። አባቴ ነገር ሲሸሽ ጓዳ ይገባል። ተናደድኩ።

በየዓመቱ በማንጎ ወቅት ከጋራው ሥር የምትመጣ ዐርዋ የምትባል ሴት አለች። ከሦስተኛው ዛፍ ብቻ ለቅማ ትሄዳለች። እኛ ነጋዴ ትመስለን ነበር፤ አባቴም አንድ ቀን ከልክሏት አያውቅም። ጠረጠርኩና ማክሰኞ ቤቷ ድረስ ሄድኩ።

«ሦስተኛው የኔ ነው» አለችኝ ሳትደባብቅ። ዐርዋ በአማርኛዋ ወንድና ሴት አትለይም፤ እኔንም አንተ እያለች ነው ያጫወተችኝ። «አባቴ ሐምዳን ልጅ ሲወለድ አንድ ይተክላል። አራት ልጅ፣ አራት ማንጎ። ቦታውም ስሙ ሐምዳን ነበር። አባቴ ሞተ። ከዚያ መንደር ይሠራል ተባለ፣ እኛ ወደ ጋራው ሥር ሄድን። አባትህ ያውቃል። ማንጎ እኔ ነኝ ያሳየሁት። ስሙንም እኔ ነገርኩት።»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ። ቤት ስደርስ አባቴ ደጃፍ ተቀምጧል።

«ታውቅ ነበር፣ አባዬ» አልኩት።

«አውቅ ነበር» አለ፤ ድምፁ ወረደ። «የሐምዳን ስም ድንጋይ ላይ ከወጣ ነገ ውጡ ብንባልስ? ወሎ ማን ቀረኝ? እናትሽን እዚህ ቀብሬ እኔ የት ልሂድ?»

ንዴቴ በረደ። አባቴ አርባ ዓመት ሙሉ ይህን ፍርሃት በሆዱ ይዞ መኖሩን አላወቅኩም ነበር፤ አንጀቴን በላው። ግን ደግሞ የሰው አባት ከምድር እንደጠፋ አድርጌ እንዴት ልጻፍ? ረቂቁ ሐሙስ ለድንጋይ ቀራጺው ይሰጣል። ያን ማታ ሁለታችንም እራት አልበላንም።

ረቡዕ ጠዋት ዐርዋ ዘንቢሏን ይዛ መጣች። አባቴ ጢሙን ሳይላጭ ወጥቶ ከዛፉ ሥር አገኛት፤ እኔም ተከተልኩት።

«ዐርዋ፣ የአባትሽ ስም ቢጻፍ ልጆችሽ ነገ ልጆቼን ውጡ ይላሉ?»

ዘንቢሉን አስቀመጠች። «ነገን አላውቅም፣ አባይ። ወላሂ አላውቅም። የልጅ ልጄ ‹የአያቴ አባት ቦታ ነው› ሲል ልጆች ውሸታም ይሉታል። እሱን ነው የማውቀው። እሱ ማንበብ ይችላል። ያንብብ።»

አባቴ ቀና ብሎ ሦስተኛውን ዛፍ አየ። እምቢ ይላል ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ሐምዳንን ከላይ አድርጊው፤ እኔን ከሥር» አለኝ።

እዚያው ዛፉን ተደግፌ ጻፍኩና አነበብኩላቸው። «ይህ ቦታ ሐምዳን ይባል ነበር። ሐምዳን አራት ልጆች ወልዶ አራት ማንጎ ተከለ። በ1977 ዓ.ም. በረሃብ ምክንያት ከወሎ የመጡ ሰዎች ሲሰፍሩበት መንደር ዘጠኝ ተባለ። ከሰፋሪዎቹ አንዱ አባይ ይመር ነው።»

«ድገም» አለች ዐርዋ። ደገምኩላት። እንደገና «ድገም» ስትል ግን አባቴ ቀደመኝ፤ ማንበብ ስለማይችል ሁሉንም በቃሉ ይዞት ነበር።