የዘንዶ ገዳዩ ካውያ

ልብስ ሰፊው ስለ ጌም የሚያወራው ሰው አጥቶ ሲብከነከን ከርሞ፣ በመጨረሻ አንድ ማኅበራዊ ገጽ አገኘ። አንድ ትልቅ ኩባንያ አያዝበትም፤ «መንደር» የሚባለው እያንዳንዱ የገጹ ቡድን የሚንቀሳቀሰው በአንድ በጎ ፈቃደኛ ቤት ባለ ኮምፒውተር ነው። «ዘንዶ ገዳይ» ነኝ ብሎ የጌመኞቹን መንደር ሲቀላቀል አርባ ሰው እንኳን ደህና መጣህ አለው። ሚስቱ እንኳ በሠርጋቸው ቀን እንዲህ አልተፍነከነከችለትም።

ደሙን የሚያፈላው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሱቁን ከፍቶ ትልቁን ካውያ ይሰካል፣ የሕንፃው ብሬከር ወድቆ መብራት ይጠፋል፣ እያጉረመረመ መልሶ ያነሳዋል፤ አረፍ ብሎ ስልኩን ሲከፍት መንደሩ ድርግም ብሏል!

ገጹ ሲመለስ «ኧረ ምን ሆናችሁ ነው?» ብሎ ጻፈ።

«ይቅርታ» የሚል መልስ ከመንደሩ አስተዳዳሪ መጣለት፤ «ኮምፒውተሩ ያለው እኔ ቤት ነው። ከታች ያለው ጎረቤቴ ምን እንደሚሰካ እንጃ፣ መብራቱን ያጠፋብኛል። ሄጄ እንዳልናገር ደግሞ ዓይን አፋር ነኝ።»

ዘንዶ ገዳይ ነደደ። «ልክ ልኩን ንገረው እንጂ! ‹አንተ ራስ ወዳድ፣ ከአንተ ሌላ ሰው የለም ወይ?› በለው!»

አርባውም የልብ ምልክት ሰጡት።

ብዙም ሳይቆይ የሱቁ በር ተንኳኳ። ከላይ ፎቅ የምትኖረው አስተማሪ ናት፤ ዓይኗን ከስልኳ ላይ አላነሳችም።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እንዲህ በይ ተብዬ ነው፤ እርስዎ ራስ ወዳድ፣ ከእርስዎ ሌላ ሰው የለም ወይ?»

ልብስ ሰፊው ካውያውን አየ። ከዚያ ስልኩን ቀስ ብሎ ጨርቅ ሥር ሸጎጠ።

«ማነው እሱ፣» አላት፣ «አንቺን ጨዋዋን ልጅ እንዲህ ያለ ስድነት ያስተማረሽ?»