ሲራጅ የማለበት በረዶ

ሲራጅ የሰደበኝ ዓርብ ዕለት ነው። እሱና አህመዲን ከጁምዓ ተመልሰው፣ ሪያድ መንሱራ ሰፈር ባለችው ክፍላችን አንድ ትሪ ከብሳ፣ ሩዝ በሥጋ፣ ከበን ተቀምጠናል። አራተኛችን አዳነ ነው። ሲራጅ ሥጋውን ወደ ራሱ እየሳበ፣ እኔን ሳያይ፣ ለእነሱ ተናገረ።

«ሙሀባው እኮ ሰው ወላሂ ብሎ ከማለለት በኋላ ዱላ ይሰካል። ከሌባ ጋር ያደገ ሰው እንዲህ ነው፤ ጥላውንም ይፈትሻል።»

አዳነ ሳቀ። አዳነ የደባርቅ ልጅ ነው፣ የአገሬ ሰው። ያን ሳቁን እስከ ዛሬ አልተውኩለትም።

ብዙ ሰው ሰድቦኛል። አራተኛ ክፍል ሳለሁ መምህሬ «አንተ ለበሬም አትሆን» ብሎ አስወጥቶኝ በዚያው ቀረሁ፤ የለበሰውን ቡኒ ሹራብ ሳይቀር አስታውሳለሁ። የሲራጅ ግን ይብሳል። ባጥሐ ገበያ ላይ ሥራ አጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ሲውል አንስቼ፣ ቦታ ያስያዝኩት እኔ ነኛ።

ሪያድ ውስጥ በረዶ እዝቃለሁ ብዬ ስደውል አገር ቤት ይስቁብኛል። እውነት ነው ግን። ውጭ አስፋልቱ የጫማ ሶል ሲያቀልጥ፣ እኛ አንድ ሞል ውስጥ ባለ አዳራሽ ካፖርት ለብሰን በረዶ እንከምራለን። በአንድ በኩል እንደ ተራራ የተሠራ ቁልቁለት አለ፤ ልጆች በጎማ ይንሸራተቱበታል። ጠዋት ጠዋት፣ ሞሉ ሳይከፈት፣ ማሽኑ አዲስ በረዶ ይነፋበታል። ከዚያ በፊት የትናንቱን መስበር አለብን፤ ሲረገጥ ውሎ፣ ሟሙቶ፣ ተመልሶ ሲረጋ ላዩ መስታወት ይሆናል። ያንን ቅርፊት በብረት መንሽ ነው የምንሰባብረው።

ማሽኑን የተከለው ሊባኖሳዊ ምክንያቱን በስልኩ ቪዲዮ አሳይቶናል። በአገሩ ተራራ ላይ የብርድ ወቅት ነው፤ ሰዎች በነጭ ገደል አግድም ይሄዳሉ። ድንገት ከበላያቸው መስመር ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ተራራው ልብሱን እንደሚጥል ሰው ነጩን ጣለው። ሰዎቹ አይታዩም።

«የአሮጌው በረዶ ላይ ልሙጥ ከሆነ አዲሱ ላዩ ላይ ቁጭ ይላል እንጂ አይጣበቅም» አለን። «ደህና ይመስላል። የሚጠብቀው አንድ እግር ነው።»

ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ተከፋፍለነዋል። የላይኛውን ግማሽ ሲራጅ ይሰብራል፣ የታችኛውን እኔ። አዲሱ ከተነፋ በኋላ ጫፍ ላይ ወጥቼ እየረገጥኩ የምወርደው እኔ ነኝ፤ ካልተንቀሳቀሰ በሩ ይከፈታል። ከመርገጤ በፊት ግን ቀጭን ዱላ እሰካለሁ። እስከ ታች ከገባ ቅርፊቱ ተሰብሯል፤ መሃል ላይ ኳ ካለ አልተሰበረም። ሲራጅን ያስቆጣው ይኸው ዱላ ነው።

«ወላሂ ለበረዶ አይባልም፣ ተወው» አለ አህመዲን በዚያች ዓርብ።

«እኔ ሙስሊም ባልሆን ዱላ ይሰካብኝ ነበር?» አለ ሲራጅ። «በረዶውን አይደለም የሚወጋው፤ መሐላዬን ነው።»

አገር ቤት ብንሆን ሥጋችን የተለያየ ነው፤ እዚህ ስደቱ አንድ ትሪ ላይ አስቀምጦናል። የወንድሙን መሐላ ናቀ ከተባልኩ፣ ነገ ከትሪው ማን ይጠራኛል? ዱላውን ተውኩ።

እኔም ሲራጅም ወረቀት የለንም። በዚያው ሰሞን ሙዲሩ፣ አለቃችን፣ ከፊል የሚሆን፣ ዋስ የሚገባ የአገሩን ሰው ፈልጎ ከሁለታችን ለአንዱ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ እንደሚያወጣ ነግሮናል። ኢቃማ ያለው ሰው የጀዋዛት፣ የኢሚግሬሽን ፖሊስ፣ መኪና ሲያይ መንገድ አይቀይርም። እኔ ያን ያህል ነው የተመኘሁት፤ መንገድ አለመቀየር።

እሑድ ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ በረዶው ላብ ሲያወጣ ዋለ። ሰኞ ጠዋት ድርቅ ብሎ ጠበቀን። የታችኛውን ስሰብር እጄ ዛለ። ማሽኑ ነፍቶ ሲያበቃ ሲራጅን ጠየቅኩት።

«የላዩ ዛሬ ከባድ ነው። ሰበርከው?»

«ወላሂ ሰብሬዋለሁ። ወይስ ዱላህን ላምጣልህ?»

ዱላውን ሳልይዝ ጫፉ ላይ ወጣሁ። ገና አንዴ እንደረገጥኩ ከሥሬ ከሩቅ በር እንደሚዘጋ ያለ ድምፅ ሰማሁ። ከኋላዬ መስመር ተሰነጠቀ። ከዚያ መቆሚያዬ ራሱ ይዞኝ ሄደ፤ እግሬን የማነሳበት ጊዜ አልነበረም። ታች ካለው አጥር ጋር አላተመኝና እስከ አንገቴ ቀበረኝ። አፌ በበረዶ ተሞላ።

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ የደረሰልኝ ሲራጅ ነው። በባዶ እጁ ቆፍሮ፣ አፌን ጠርጎ፣ «አለህ? ወንድሜ፣ አለህ?» እያለ አወጣኝ። ቀና ስል የላይኛው ቅርፊት ተራቁቶ ያበራል። አንድ የመንሽ ጭረት የለበትም።

ሙዲሩ እየሮጠ መጣ። «የላዩ የማን ነበር?» አለ።

ሲራጅ በረዷማ እጁን ካፖርቱ ላይ እየጠረገ በአረብኛ መለሰ። «የሱ። ስበረው ብዬ ነግሬው ነበር።»

የኔ አረብኛ ዕቃ ለማንሳት ይበቃል፤ ለክርክር አይበቃም። «እሱ፣ እሱ» እያልኩ በደህናው እጄ ብጠቁም፣ ሙዲሩ የሚያመኝን ቦታ የማሳየው መሰለው። «ኸላስ፣ አንተ ከነገ አትምጣ» አለኝ።

ትከሻዬ ወልቆ ነበር። ያለ ወረቀት ሐኪም ቤት የለም፤ መንሱራ ውስጥ ያለ ወጌሻ መለሰልኝ። ከሲራጅ ጋር ላለማደር ልብሴን ይዤ ከክፍሉ ወጣሁ።

ሲራጅ ባጥሐ ላይ ያገኘኝ ኢቃማው ከወጣለት በኋላ ነው። የሸሚዝ ኪሱ ላይ ካርዱ ጫፉን አውጥቷል።

«ወንድሜ፣ ትከሻህ እንዴት ሆነ?» ብሎ እጄን ያዘ። «ሙዲሩን ለምኜልሃለሁ። ይመልስሃል፤ ቀጣዩ ኢቃማ ያንተ ነው። ብቻ ግባና ‹የላዩ የኔ ነበር፣ ረስቼው ነው፣ ይቅርታ› በለው። እኔ አስተረጉምልሃለሁ።»

እጄን ልስብ ስል አጥብቆ ያዘው።

«ምን ይጎዳሃል? አንድ ቃል ናት። አዳነም ይሻለዋል ብሏል፤ አህመዲንም።»

አዳነ እንዲያ ማለቱ አልደነቀኝም። የአህመዲን ግን ከትከሻዬ በላይ አመመኝ።

«እንዲህ ሆነህ እስከ መቼ ልትሸሸግ ነው? አንድ ቀን ይይዙህና ተርሂል ነው፤ አውሮፕላን ላይ ጭነው ይሸኙሃል። ያላ፣ እሺ በለኝ።»

ዓይኑ ውስጥ አየሁ፤ አላፈረም። እሺ እንድለው ከልቡ ይጠብቃል። እጄን ከእጁ አስለቅቄ በሱቆቹ መሃል ሄድኩ። «ሙሀባው» እያለ ሲጣራ ይሰማኛል።