ብቸኛው ለቅሶ ደራሽ

«ተቀመጪ እንጂ! ሐዘንተኛ ለእንግዳ ይነሳል እንዴ?» ሮማንወርቅ የጎረቤቷን የወይዘሮ ዕፀገነትን ነጠላ ጎተት አደረገች።

ዕፀገነት ግን የበሩ ደወል በጮኸ ቁጥር ከፍራሹ ትነሳለች። ባሏ ገብረመድኅን ትናንት ተቀብሯል። የዊልስደኗ ጠባብ አፓርታማ በሰው ተጨናንቃለች፤ የለንደን አበሻ ሰርግ ላይ ያረፍዳል፣ ለለቅሶ ግን ሁለት አውቶቡስ ቀይሮም ቢሆን ይደርሳል። አሁን የገቡት ከሃክኒ የመጡ ባልና ሚስት ናቸው። ዕፀገነት ፊታቸውን አየችና መልሳ ተቀመጠች። እስካሁን አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም።

«ነገሯ አላማረኝም፤» አለች ሮማንወርቅ ኩሽና ገብታ በሹክሹክታ። «ሐዘን ካልወጣ ውስጥ ውስጡን ይበላል።»

የሟች ልጅ እድላዊት ብርጭቆ እያጠበች ነበር። ከቀብሩ ወዲህ ቁጭ ብላ አታውቅም። እንግዶቹ እስኪሄዱ ጠብቃ እናቷ ፊት ተንበረከከች።

«እማዬ፣ ሐኪምሽ ጋ አፖይንትመንት ልያዝልሽ? አታለቅሺም፤ በሩን ብቻ ታያለሽ።»

«አባትሽን እየጠበቅኩ ነዋ።»

እድላዊት ክው አለች። እናቷ ፈገግ አለች።

«አላበድኩም፣ አይዞሽ። መሞቱን ከማንም በላይ አውቃለሁ።»

ከዚያ አወራቻት። ገብረመድኅን በወጣትነቱ ከምጽዋ ርቃ በምትገኝ ትንሽ ደሴት፣ ለመርከቦች መንገድ የሚያሳየውን መብራት ይጠብቅ ነበር። ሌሊት እሱ ማማው ላይ፣ እሷ ታች ቤት። እሱ ሊተኛ ሲወርድ እሷ ትነሳለች፤ በአንድ አልጋ በየተራ ይተኛሉ። ጎህ ሲቀድ ኮቴውን ደረጃው ላይ ስትሰማ ልቧ ዘለል ይል ነበር። ውሃና ዱቄት ከምታመጣው ጀልባ በቀር ዘመድም ጎረቤትም የላቸውም። የመጀመሪያ ልጃቸው እዚያው ተወለደ፤ ክርስትና ሳይነሳ እዚያው ሞተ።

«ወንድም ነበረኝ?»

«ነበረሽ። እኔና አባትሽ ቀበርነው። ‹ወግ ያለው ሐዘን እንኳ አጣሁ፣ እግዜር ያጽናሽ የሚለኝ ሰው የለ› ብዬ አለቀስኩ። አባትሽ ብድግ ብሎ ወጣ። ደሴቷን ዞሮ መጥቶ በሩን አንኳኳ፤ በዚያ ሙቀት ኮት ለብሷል! ‹እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እሜቴ፤ ከወሎ ነው የመጣሁት› አለኝ። አንቱ እያለኝ! እንደ ባዳ በሩ ሥር ተቀምጦ ስለ ልጄ ጠየቀኝ። በማግስቱ ከጎጃም መጣ፣ ደግሞ ከሐረር። አገሩን ሁሉ እሱ ብቻውን አመጣልኝ።»

ዕፀገነት ባዶ ወንበሮቹን አየቻቸው።

«አሁን ይኸው ሰው ሁሉ መጣልኝ። እኔ የናፈቀኝ ያ አንዱ ነው።»

እድላዊት ቀና ብላ አየቻት። «እሱንስ ማን አጽናናው?»

«እሱማ ሥራ ነበረበት። መብራቱን ማብራት...»

ዕፀገነት ዝቅ ብላ የልጇን እጆች አየች፤ የብርጭቆው ሳሙና ገና አልለቀቃቸውም፤ እሷም እንደ አባቷ ሥራ ላይ ነበረች። የእናትየው እንባ ያን ጊዜ ዱብ ዱብ አለ።

እጆቿን በቀሚሷ ጫፍ አደራረቀችላት። ከዚያ ፈቀቅ ብላ ፍራሹ ላይ ከጎኗ አስቀመጠቻት።