አባተ ያቋረጠው ትምህርት

«ይህን ሰውዬ ታውቂዋለሽ?» አለ አቪራም፣ ለእህቱ ሻይ የሚያቀብል መስሎ ጎንበስ ብሎ።

ሐረጓ ከተቀመጠችበት ፍራሽ ቀና አለች። በሩ አጠገብ ሱፍ የለበሰ ሽማግሌ ተቀምጧል። እስራኤል ያሉበት የኪርያት ኖርዳው ሰፈር ሰው አይደለም። ከሰላምታ በቀር ቃል አልተነፈሰም፤ የአባታቸውን ፎቶ ግን ዓይኑን ሳይነቅል ያያል።

«ከጎንደር ነው አሉ። አንድ ነገር ሊያወጣ ነው የመጣው።»

ሁለቱም ወደ አሮጊቷ ጎረቤታቸው ወደ አበቡ ተመለከቱ። አበቡ የሰባት ቀኑ ሐዘን፣ ሺቭዓው፣ ከተጀመረ ወዲህ በየቀኑ እየመጣች ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። አታለቅስም። አባታቸው አባተ በሕይወት ሳለ ሰላም ብላው አታውቅም፤ አውቶቡስ ላይ አጠገቡ ቦታ እያለ ቆማ ትሄድ ነበር።

ነገሩን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሊወጡ የተዘጋጁት የመንደሩ ሰዎች ስም ካድሬዎች እጅ ገባ። የአበቡ ባል ባየልኝ እስር ቤት ሞተ። አባተ ግን ታስሮ ተፈታና ሱዳን ገባ። ከመንደሩ የመጀመሪያው የሕክምና ተማሪ እሱ ነበር፤ የተማረ ደግሞ ከመንግሥት ጋር ይነጋገራል። ሌላ ማስረጃ የጠየቀ አልነበረም።

በዚያ ላይ ከጎንደር ሰው በመጣ ቁጥር የሚጠይቀው ስለ ዘመድ ሳይሆን ስለ ተማረበት የሕክምና ኮሌጅ ነበር። «ምን ሕንጻ ጨመሩ? ማራኪ ሰፈር የተሠራውስ እንዴት ነው?» ሲል ሰዎቹ ይጠቃቀሳሉ። ሐረጓም ራሷ ሳትጠረጥረው አልቀረችም።

ወንዶቹ ለጸሎት ሲነሡ እንግዳውን ወደ በረንዳው ጠራችው።

«አንቱ ማን ነዎት?»

«አቻምየለህ እባላለሁ። ከአባትሽ ጋር አንድ ክፍል ነበርን። እኔ ጡረታ እስክወጣ እዚያው አስተማርሁ። ልጄን ልጠይቅ ቴል አቪቭ መጥቼ አባተን ልየው ብል፣ ሕንጻው በር ላይ የሞቱን ማስታወቂያ አነበብሁ።»

ከዚያ ስለ ኮሌጁ ያወራ ጀመር። በእነሱ ጊዜ ጥቂት ሕንጻዎችና አንድ መመገቢያ ቤት ነበር፤ ከጀርመን የመጡት ሐኪሞች ተማሪውን በስም ይጠሩት ነበር። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ከተማውን በየአቅጣጫው ይዞታል፤ ሕግ በሉት፣ እርሻ በሉት፣ የማይሰጠው ትምህርት የለም፤ መምህር ከመምህር እንኳ አይተዋወቅም። ሐረጓ ነገር የሚያጓትት መሰላት።

«ይኸን ሊነግሩኝ አልመጡም» አለችው። «ሰዎቹን የጠቆመው አባቴ ነው?»

ሰውዬው ወደ ክፍሉ ዘወር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የተጣመሙ ጣቶቹን አይተሻል?»

«ሳፒር፣ ፋብሪካ ሲሠራ ማሽን ነው የያዘው።»

«እንዲያ አላችሁ? ካድሬዎቹ ሁለታችንንም ከኮሌጁ መኝታ ቤት አብረው ነው የወሰዱን። ጣቶቹን ሲሰብሩት አንድ ስም አልወጣውም። ቀዶ ሐኪም ነበር የሚመኘው። በዚያ እጅ ምን ይማራል?»

«ታዲያ ማን ነው?»

«ባየልኝን ሲያመጡት ገላው አልቆ ነበር። እንደዚያ በተገረፈ ሰው አይፈረድም። እኛው ፊት ‹ተናገርሁ› ብሎ አለቀሰ፤ ሳይነጋም ሞተ። አባትሽ ያኔ አስማለኝ። ‹ሚስቱ እንዳትሰማ፤ እኔን ትጥላ› አለ።»

«ሊያጽናኑኝ ብለው ቢሆንስ?»

«ላጽናናሽ ብዬማ የሟች ስም አላጠፋም። ልጁ እውነቱን ሳታውቅ ብትቀር ከበደኝ።»

ሐረጓ የበረንዳውን በር ከፈተች። ገብታ ሁሉም እየሰማ ልትጮኸው ፈለገች።

መተላለፊያው ላይ አበቡ ጠበቀቻት።

«ምን አለሽ ሰውዬው?»

ነገሩ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ብትል የአባቷ ስም ይጸዳል። የባየልኝ ግን ይጠፋል።

«ስለ ኮሌጁ ነው ያወራኝ፣ እትዬ። በጣም አድጓል አለኝ።»

አበቡ ዓይን ዓይኗን አየቻት፤ አላመነቻትም። ወደ ጥጓ ልትመለስ ስትዞር ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራተተ። ሐረጓ አንሥታ አለበሰቻት። ከዚያ እጇን ይዛ ወሰደቻትና እዚያው የሐዘንተኞቹ ፍራሽ ላይ፣ አጠገቧ አስቀመጠቻት።