የታጠቡት አሥራ ሁለት ጠርሙሶች

አይቮር ጊዲንግስን ያጠፋሁት ለብ ባለ ውሃ ነው። ሰው ሲያወራ «ዕድሉ ነው» ይላል። ዕድል ባልዲ አይሸከምም፤ የተሸከምኩት እኔ ነኝ።

እኛ አገር፣ እንግሊዝ ዊልትሻየር፣ ድንጋዩ ተፈልፍሎ ባለቀበት ዋሻ ውስጥ፣ ቀረጥ ያልተከፈለበት የሀብታም ወይን ጠጅ ተኝቶ ይከርማል። ዘጠና ደረጃ ይወረዳል። ብርዱ በጋ ከክረምት አንድ ነው፣ ግድግዳው ያልበዋል። እርጥበቱ ለቡሹ ጤና ነው፤ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ልጣፍ ግን ያሻግተዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ጠርጌዋለሁ። ትምህርቴ ከደጃፍ አላለፈም፤ ቢሆንም አንድ ሳጥን ሲጠፋቸው ከመዝገቡ በፊት እኔን ነበር የሚጠይቁት።

አይቮር የዋሻው አለቃ ነበር። በገባሁ በሦስተኛው ቀን አንድ ጠርሙስ አቧራ ለብሶ አይቼ ወለወልኩት። ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰበና ጠርሙሱን ከፍ አድርጎ፣

«እዩልኝ! እሜቴ ጨርቅ የስንት ዓመት አቧራ ገላገለችን! ነገ ደግሞ ዋሻውን በሳሙና ታጥብልናለች!» አለ።

ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ስሜ ዶርካስ መሆኑ ቀረ። ባሌን የቀበርኩ ዕለት እንኳ «እግዜር ያጥናሽ፣ እሜቴ ጨርቅ» ነው ያለኝ።

ይኸው ሰውዬ አሥራ ሁለት ጠርሙስ ወይን የያዘ የራሱ አንድ ሳጥን ነበረው። የዋሻው የድሮ ባለቤት ሚስተር ሴልዊን ሊሞት ሲል ቀረጡን ከፍሎ ሰጠውና «እዚያች ጥግ ትቀመጥልህ» አለው። በቃል ብቻ ነው፤ ማንም መዝገብ ላይ አላሰፈረው። ሃያ ስድስት ዓመት ከጥጉ አልተነቃነቀም። ዙሪያውን ስጠርግ የኖርኩት እኔ አውቃለሁ።

ባለፈው መጋቢት እነ አይቮር የተከራዩትን ቤት ባለቤቱ ልሸጥ ነው አለ። የአይቮር ሚስት ኢኒድ ዓይነ ስውር ናት፤ ያንን ቤት የምታየው በጣቷ ነው። ሻይ ስትቀዳ ጠብታ አትደፋም። ሳጥኑ ለንደን በጨረታ ከተሸጠ ቤቱን ይገዙታል፤ ካልተሸጠ ይወጣሉ።

የጨረታው ቤት መርማሪ በምትመጣበት ዕለት ጠዋት አይቮር ጠራኝ።

«እሜቴ ጨርቅ! ለብ ያለ ውሃ አምጪ። ለስላሳ ብሩሽም።»

«ለምንህ?»

«ባለፈው ወር የዚያች የባለርስቷ ደንበኛችን ጠርሙሶች ልጣፋቸው ንጹሕ ስለሆነ ጨረታው ላይ በእጥፍ ዋጋ ሄዱ። የኔ ሻጋታውን ለብሶ ይቅረብ?»

የባለርስቷ ጠርሙሶች ክንድ የሚያህል ሰነድ ነበራቸው። ሰነድ ያለው ንጽሕና ያምርበታል፤ ሰነድ የሌለው፣ እዚሁ ለመክረሙ ሰነዱ ሻጋታው ነው። ይህን ያስተማረኝ ራሱ ነው፣ በሰው ፊት አዋርዶ። ጉጉት አስረሳው። «ተው፣ አንተ ሰውዬ» ለማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል? ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር።

«ይበቃሃል ወይስ ልጨምርልህ?» አልኩት።

አሥራ ሁለቱንም አጠበ። ባልዲውን የደፋሁት እኔ ነኝ፤ ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ነበር።

መርማሪዋ ወይዘሪት ቬርኒ መጣች፣ ቀጭን፣ ጓንት ያጠለቀች። በእጅ ባትሪዋ ወይኑ አንገቱ ጋ እስከየት እንደደረሰ አየች፤ ደህና ነው። ቡሹን አየች፤ ደህና ነው። ልጣፉ ላይ ስትደርስ ባትሪዋን አስጠጋች።

«አቶ ጊዲንግስ፣ እዚህ እርጥበት ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የተኛ እንዲህ ነጭ ልጣፍ አይቼ አላውቅም።»

«አጥቤው ነው እኮ! ዛሬ ጠዋት!»

«ሁሉም እንዲያ ይሉኛል። የሰው ኩሽና ውስጥ፣ ምድጃ አጠገብ በሙቀት ሲበላሽ ከርሞ ትናንት የገባ ቢሆንስ? ወረቀት የለዎትም። የሚያውቅ ሰው አለ?»

አይቮር ወደኔ ዞረ። ፊቱ እንደ ዋሻው ግድግዳ አልቦታል።

«ዶርካስ ታውቃለች። ንገሪያት እንጂ፣ ዶርካስ! ጥጉን የምትጠርጊው አንቺ ነሽ።»

ስሜን ያውቀው ኖሯል።

«እርስዎ ምን ይላሉ? ሳጥኑ ከዚህ ወጥቶ ያውቃል?» አለችኝ።

«እኔ እሜቴ ጨርቅ ነኝ፣ የኔ እመቤት። ስለ ወይን ምን አውቄ?»

ባትሪዋን አጠፋችና ዘጠናውን ደረጃ ወጣች። ሳጥኑን የመንደሩ መጠጥ ቤት በተራ ወይን ዋጋ ወሰደው። እኔም አንድ ብርጭቆ ቀመስኩ። አንዳች እንከን አልነበረበትም።

እነ አይቮር ከተማ፣ ፎቅ ላይ፣ ሁለት ክፍል ገቡ። ኢኒድ ሻይ ጠራችኝ፤ አይቮር የሆነውን አልነገራትም መሰለኝ። ግድግዳውን እየዳበሰች መጣች፣ በር ያልሆነውን በር ነው ብላ ግንባሯን መታች።

«ዶርካስዬ፣ ይቅር በይኝ፤ እዚህ ቤት ገና እንግዳ ነኝ» አለችና ሳቀች። ስትቀዳ ስኒውን ሳተችው። የፈላው ሻይ እጇ ላይ ወረደ፣ ጠረጴዛውንም አጥለቀለቀው። እሷ እጇን ታቀፈች።

ማንም ሳያዘኝ ጨርቅ አንስቼ ወለወልኩ። አይቮር ከወንበሩ ሆኖ ያየኛል። አሁን «እሜቴ ጨርቅ» ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ጠረጴዛው ከደረቀም በኋላ እየወለወልኩ ጠበቅኩ።

አላለኝም።